አፍ ለአፍ የማይግባቡ ሰዎች እንዴት ይግባባሉ? ከቻግኒ ገበያ የተገኘ መመሪያ

እናቴ በቻግኒ ገበያ ጨው፣ ሳሙናና ቡና ስትሸጥ ኖራለች። ከደንበኞቿ ብዙዎቹ አማርኛ አይችሉም ነበር። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው አገውኛ ይናገራል፤ ከበለስ ቆላ የሚወጣው ጉሙዝኛ፤ ከዚያም ወዲያ ሺናሽኛና ኦሮምኛ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ሰዎችን ወደ ፓዊ ሲያሰፍር ከምባትኛና ሀዲይኛ ተጨመረበት፤ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ደግሞ ጣሊያኖች መጡ። ፓዊ ያለችበት መተከል ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበረ ይህ ሁሉ ሰው ለወጉ የአንድ ክፍለ ሀገር ሰው ነበር። በቋንቋ ግን አማርኛው ሴማዊ፣ አገውኛውና ኦሮምኛው ኩሻዊ፣ ሺናሽኛው ኦሞአዊ ነው፤ ጉሙዝኛን ደግሞ ብዙ ምሁራን ከናይሎ ሰሃራ ይመድቡታል። የአራት ቋንቋ ቤተሰቦች ልጆች በአንድ ጆንያ ጨው ዙሪያ ይቆሙ ነበር።

እኔ ጨው አልሸጥኩም፤ የመድኃኒት ባለሙያ ሆንኩ። መደርደሪያው ተለወጠ እንጂ ከፊቱ የሚቆመው ሰው ያው ነው። በቅርብ የተመደቡ ወጣት ባልደረቦቼ «ቋንቋቸውን ሳንችል እንዴት አድርገን እንሠራለን?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ የማውቀውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ተነሣሁ። ለመድኃኒት ቤት ያልኩት ለሆቴልም፣ ለትምህርት ቤትም፣ እንግዳ ለመጣበት ቤትም ይሆናል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንመን፤ እኛ ጎጃሞች ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ተማሪዎች ነን። ቅኔ ቤት ያልገባው እንኳ በቅኔ አገር አድጓል። ነገርን እንዳለ አውጥቶ መናገር እንደ ድርቅና ይቆጠርበታል፤ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ሰው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ አውርቶ፣ ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ነው ጉዳዩን ጣል የሚያደርገው። ቋንቋውን ለሚጋራ ሰው ይህ ውበት ነው። ለማይጋራው ግን ሰሙም ወርቁም እኩል ጨለማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚጠይቁት ይህን ልማድ ለጊዜው ደጅ አስቀምጦ መግባትን ነው፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ ሳይሸፈን፣ በሁለት ሰዎች መካከል ማስቀመጥ።

አንደኛ፦ ከእቃው በፊት ሰላምታ

እናቴ ደንበኛ ሲመጣ ጨዉን አትነካም። ትነሣለች፣ ቀኝ እጇን ትሰጣለች፣ በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ትደግፋለች። የእኛን ደንብ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለቱም እጆቿ በእሱ እንደተያዙ ያያል። ከዚያ ትቀመጣለች፤ እሱም ይቀመጣል። ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ቃል ሳያወጣ ብዙ ነገር ተናግሯል። እኔም በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ከመነጋገር ይልቅ ወጥቼ አግዳሚው ወንበር ላይ አብሬ መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግማሹ ችግር ቀሏል።

በዚህ ጊዜ ዝም አትበሉ። በራሳችሁ ቋንቋ፣ በተለመደው ድምፃችሁ ተናገሩ። ብዙ ሰው ቋንቋ እንደማይጋራ ሲያውቅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ጭልጥ ብሎ ዲዳ ይሆናል፣ ወይ ይጮኻል። ዲዳ የሆነው ሰው የተቆጣ ይመስላል፤ የሚጮኸው ደግሞ ተቆጥቷል። «እንዴት አደሩ አያ፣ አረፍ ይበሉ፣ ከሩቅ ነው የመጡት?» የሚለው አነጋገር ቃሉ ባይገባም ዜማው ይገባል። ሦስተኛው ስሕተት አማርኛን መሰባበር ነው፦ «አንተ መምጣት እዚህ፣ እኔ መስጠት መድኃኒት።» አማርኛ ለማይችል ሰው የተሰበረው ከደህናው አይሻልም፤ ትንሽ የሚችለው ደግሞ በልጅነቱ የሰማት ቃል ተቆራርጣ ስትመጣ ጨርሶ ይጠፋዋል። አጭርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ «እዚህ ይቀመጡ» በቂ ነው።

ሁለተኛ፦ ስም

እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ስማችሁን ብቻ ተናገሩ። ስሙን ብቻ! እናቴ በወጣትነቷ አንድ የጉሙዝ ደንበኛዋን «ስሜ እንትና ነው» ብላ ተዋወቀችው። ሰውየው የሰማውን የመጀመሪያ ቃል ይዞ ሄደ፤ ለዘመዶቹም ነገረ። ከዚያ በኋላ ከዚያ መንደር የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ «ስሜ! ስሜ!» እያለ ይጠራት ነበር። አላረመቻቸውም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ላይ የገበያው ሰው በሙሉ «ስሜ» ይላት ጀመር።

የእሱን ስም ሲነግራችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ እስኪያርማችሁ ድረስ። እየሳቀ ቢያርም ይበልጥ ጥሩ ነው። አስተማሪው እሱ፣ ተማሪዎቹ እናንተ ሆናችኋል ማለት ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ኋላ ላይ ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛ፦ አስቀምጦ መራቅ

የዚህ መመሪያ እንብርት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በዘመኑ ስለነበረ የወርቅ ንግድ የጻፈው ነገር አለ። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሰዎችን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከአገሩ አጠገብ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠሩና ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን አጥሩ ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ የአገሩ ሰዎች አተር የሚያህል ወርቅ ይዘው ይመጡና በወደዱት ነገር ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ አስቀምጠው ዘወር ይላሉ። የሥጋው ባለቤት መጥቶ ያያል። ከተስማማው ወርቁን ይወስዳል፤ ያኛውም መጥቶ ሥጋውን ያነሣል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይመለሳል። ባለወርቁ ተመልሶ ሲያየው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ኮስማስ ምክንያቱን ሲናገር፣ ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው ይላል።

ይህን ያነበብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ሳነበው የታየችኝ እናቴ ናት። የኮስማስን ስም ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን ጨዉን በጣሳ ሰፍራ ማዳበሪያው ላይ ታስቀምጥና እጇን አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። እጇን መሰብሰቧን ልብ በሉ። እጁ እቃው ላይ የቀረ ሰው እየገፋ ነው፤ እጁን የሰበሰበ ሰው ግን «ተራው ያንተ ነው» ብሏል። ባለሰሊጡ ከፊቱ ያለውን ጨው ያያል፣ ከቅሉ ሰሊጥ ያፈሳል፣ እሱም እጁን ይሰበስባል። ትንሽ ከመሰላት ዝም ትላለች። ሌላ እፍኝ ይጨምራል። ከበዛ ደግሞ ራሷ ጥቂት ጨው ትጨምርለታለች፤ ይህንን ያደረገችለት ደንበኛ ሌላ ሻጭ ጋ ሄዶ አያውቅም።

በሥራ ላይ ስታውሉት እንዲህ ነው። የምትነጋገሩበትን ነገር ራሱን አምጡ፤ የማይመጣ ከሆነ ሥዕሉን፤ ሥዕልም ከሌለ በጠጠር ወይም በእህል ፍሬ ተኩት። በሁለታችሁ መካከል አስቀምጡት፣ ከእናንተ ይልቅ ወደ እሱ ትንሽ ቀረብ ይበል። እጃችሁን ሰብስቡ። ከዚያ ጠብቁ። የሚከብደው ይህ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ዝምታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይደነግጥና ሌላ ምልክት ይጨምርበታል፣ በዚያም ላይ ሌላ። አሥር ምልክት በአንድ ትንፋሽ የደረሰበት ሰው የቱን ይመልስ? «ዝም አይነቅዝም» ይላል አገራችን። እኔ በሆዴ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ ለአዛውንት እስከ ሃያ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ሁለት ነገር አስቀምጦ ማስመረጥ አንድ ነገር አስቀምጦ ከመጠየቅ ይሻላል። ሽሮፕና እንክብል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሕፃን ያዘለች እናት ወዲያው ሽሮፑን ትነካለች፤ ታማሚው የታዘለው ልጅ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

አራተኛ፦ «አዎ» እና «አይ» ምን እንደሚመስሉ ፈልጎ ማግኘት

ይህን እርምጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ራስ መነቅነቅ የዓለም ሁሉ ቋንቋ ይመስለናል፤ አይደለም። ከራሳችን እንጀምር። እኛ «አዎ» ስንል አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን፤ አዲስ የመጣ ፈረንጅ ሰውየው የደነገጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ይመስለዋል። ሐዘን ስንሰማ ከንፈር እንመጣለን፤ በሌላ አገር ተመሳሳዩ ድምፅ ንቀት የሚሆንበት ቦታ አለ። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን ጣቶቻችንን እናጥፋለን፤ ፈረንጁ «ሂድ» የተባለ መስሎት ይርቃል። እሱ በበኩሉ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በአመልካች ጣቱ ሲጠራን ውሻ የተጠራ ያህል ይከፋናል። ሁለቱም ደህና ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቅር ብሏቸው ይለያያሉ።

ስለዚህ ሁለታችሁም መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ ጠይቁ። ጨው አንሥታችሁ ወደ አፍ እንደ መጉረስ አድርጋችሁ በጥያቄ ፊት ተመልከቱት፤ ጨው እንደሚበላ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ድንጋይ አንሥታችሁ እንደዚያው አድርጉ። የመጀመሪያው ላይ ያሳየው «አዎ» ነው፤ ሁለተኛው ላይ ያሳየው «አይ» ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከሳቀ ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሳታደርጉት የሰበሰባችሁት መልስ ሁሉ ግን አጠራጣሪ ነው።

«ገባህ?» ብሎ መጠየቅን ግን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። ቋንቋ የማይችል ሰው፣ በተለይ ከመንግሥት ሠራተኛ ፊት የቆመ፣ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ራሱን ይነቀንቃል። ለምን ቢባል ማፈር አይፈልግም፤ እናንተም እንድታፍሩ አይፈልግም።

አምስተኛ፦ ቁጥርና ጊዜ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ከቆላ መጡ። የታዘዘላቸው አሞክሳሲሊን ነበር፤ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን፣ በጠቅላላው 21 ፍሬ። እኔ ምን አደረግኩ? ሦስት ጣቴን አነሣሁ፤ ፍሬውን አሳየሁ፤ ወደ አፌ አሳየሁ፤ «በቀን» ለማለትም እጄን ወደ ሰማይ አዞርኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ሆዳቸውን ይዘው መጡ። እሽጉን ተቀብዬ ቆጠርኩ፤ 15 ፍሬ ቀርቷል። በሁለት ቀን ስድስት መዋጥ አለበት፣ ስድስት ተውጧል። ቁጥሩ ልክ ነው! «ታዲያ ምን ሆነ?» እያልኩ እሽጉን ሳገላብጥ ሽማግሌው ሁኔታዬን አይተው እጄን ያዝ አደረጉኝ፤ እሽጉን ተቀበሉኝ፤ ሦስት ፍሬ አንድ በአንድ አወጡና መዳፋቸው ላይ ደረደሯቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ወደ አፋቸው እንደ ቆሎ የመወርወር ምልክት አሳዩኝ፤ ከዚያ ጠዋት ወደምትወጣው ፀሐይ አመለከቱ። ሦስት ጣት አሳይቼ ነበርና ሦስት ፍሬ ወሰዱ። እኔ ያልኳቸውን በትክክል ፈጽመዋል፤ ያልገባው ለእኔ ነው።

ጣት ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ የምን እንደሆነ አይናገርም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። አንድ ካርቶን ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ፤ መስመሩ መሬት ነው። በግራ ጫፍ ከመሬት ብቅ ያለች ፀሐይ፣ በመካከል አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ በቀኝ ጫፍ የምትጠልቅ ፀሐይ። በእያንዳንዷ ሥር አንድ ፍሬ አስቀምጣለሁ፤ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ እተዋለሁ። የሌሊት መድኃኒት ከሆነ ጨረቃ እጨምራለሁ። ወደ ደጅም ወጥተን እውነተኛዋን ፀሐይ እናያለን፤ የት ስትደርስ እንደሚውጡ በእጄ አሳያለሁ። ምግብ ቀድሞ የሚያስፈልግ ከሆነ ከፍሬው ጎን እንጀራ ወይም ገንፎ እሥላለሁ፤ እንደሚመጣው ሰው።

ከዚያ ሁሉንም አንሥቼ ለእሳቸው እሰጣለሁ። አሁን እሳቸው ያሳዩኝ። ካርቶኑ ላይ ፍሬዎቹን እሳቸው ይደርድሩ፣ በየትኛዋ ፀሐይ ምን እንደሚያደርጉ እሳቸው ይሥሩት። ከዚህ መመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ ያዙ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፦ ያሳየኸውን ሰው መልሶ እስኪያሳይህ ድረስ ምንም አላሳየህም። ለባልደረቦቼ በአንተ ነው የምነግራቸው፤ እንዲከነክናቸው።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ነገር። የእኛ ሰዓት ቀኑ ሲጀምር ይጀምራል፤ የፈረንጁ ሰዓት ከእኛው በስድስት ይለያል። ባሕር ዳር ውስጥ ጀልባ የሚያከራይ ወዳጅ አለኝ። ወደ ዘጌ ገዳማት ሊሻገር ከፈለገ ቱሪስት ጋር በጣት ተነጋገሩ፤ ሁለት ጣት፣ 2 ሰዓት። ወዳጄ ማለዳ ሞተሩን አዘጋጅቶ ቆመ፤ እንግዳው በራሱ 2 ሰዓት፣ በእኛ 8 ሰዓት ምሳውን በልቶ እየተዝናና መጣ። በጣት ሰዓት አትቅጠሩ። ፀሐይን አሳዩ፣ ወይም የስልካችሁን ሰዓት ከእሱ ስልክ ጎን አስቀምጡና በዚያ ተነጋገሩ።

ቋንቋ የሚጋሩ ሰዎችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን የሚታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 05/2026 የሚል ያየ ደንበኛ በእኛ ዘመን አስልቶ ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስለዋል፤ 05 ሲልም ጥር ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ሜይ ማለታቸው ነው፣ የእኛ ሚያዝያና ግንቦት። አማርኛ ለሚችል ደንበኛም ቢሆን ይህንን በቃል ሳልነግር አልሸኝም።

ስድስተኛ፦ ቃል መሰብሰብ

ሰውየው አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ይህን እለፉት። የሚመላለስ ከሆነ ግን በየቀኑ ሦስት አራት ቃል ሰብስቡ።

ኬኔት ፓይክ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ቋንቋውን ጨርሶ ከማያውቀው ሰው ጋር በተመልካች ፊት ይቆምና ያለ አስተርጓሚ ቃል መሰብሰብ ይጀምራል። የሚይዘው ቅጠልና በትር ብቻ ነው። አንድ ቅጠል ያሳያል፤ ሰውየው ይናገራል። ሁለት ቅጠል፤ አንድ በትር፤ ሁለት በትር። ትልቅ ቅጠል፣ ትንሽ ቅጠል። በትሩን ይጥላል፣ ያነሣል። እንዲህ እያለ ከስም ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ግስ ይሄዳል። የሚገርመው እሱ ራሱ በእንግሊዝኛ አይናገርም ነበር፤ እንግዳው በአጋጣሚ እንግሊዝኛ ቢችል እንዳይጠቀምበት ሲል ሚሽቴክ በሚባል የሜክሲኮ ነባር ቋንቋ ነበር የሚያወራው። ሰሚው በማያውቀው ቋንቋ መናገር ምንም እንደማይጎዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ ቃል «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እሱን ለማግኘት ወረቀት ላይ ምንም የማይመስል ነገር ጫጭሩና አሳዩት። ግራ የገባው ሰው ወደ ወረቀቱ እያመለከተ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ያ ነው። ያንኑ ይዛችሁ ወደ ሌላ ነገር እያመለከታችሁ ሞክሩት። ስታመለክቱ ጣት ሳይሆን ሙሉ መዳፍ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ አሳይታችሁም አትመኑ፤ ጠረጴዛ ስታመለክቱ «እንጨት» ሊላችሁ ይችላል፣ «ጣት»ም ሊላችሁ ይችላል። ሦስት የተለያዩ ጠረጴዛዎች አሳዩት፤ ሦስቱም ላይ አንድ ቃል ከመጣ ጠረጴዛ ነው፣ ወይም ሦስቱም እንጨት ናቸው። አራተኛውን የብረት አድርጉት።

የሰማችሁትን በፊደል ጻፉ፣ ከጎኑ ሥዕሉን። ለሥራዬ የሰበሰብኳቸው ቃላት ውኃ፣ ሆድ፣ ራስ፣ ደም፣ ትኩሳት፣ ልጅ፣ ትናንት፣ ነገ፣ ያማል፣ ተሻለኝ ናቸው። «ተሻለኝ» የምትለው ቃል በእያንዳንዱ ቋንቋ ስትነገር መስማት ምን ያህል ደስ እንደምትል አትጠይቁኝ።

ሰባተኛ፦ አስተርጓሚና ስልክ

በገበያ ልጆች ጥሩ አስተርጓሚ ናቸው፤ ሦስት ቋንቋ የሚችል የአሥር ዓመት ልጅ ቻግኒ ውስጥ ብርቅ አይደለም። በሕመም ጉዳይ ግን ልጅን አታስተርጉሙ። አባት ስለ ሽንቱ ለልጁ አይናገርም፤ እናትም ስለ ማሕፀኗ። ልጁም ያፈረበትን ይዘለዋል። ጎልማሳ አስተርጓሚ ስታገኙ ዓይናችሁ ባለጉዳዩ ላይ ይሁን እንጂ አስተርጓሚው ላይ አይሁን፤ «ንገረው» አትበሉ፣ በቀጥታ ለባለጉዳዩ ተናገሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ማቆም። አምስት ደቂቃ የተነገረውን «አመመኝ ነው የሚለው» ብሎ የሚያጠቃልል አስተርጓሚ ካጋጠማችሁ እንደገና አስጠይቁት።

ስልኩም ይረዳል። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛ የገቡት በ2014። ነገር ግን እዚህም ላይ ቅኔያችንን ደጅ እንተው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤን አወለቀው»፣ «ዓይኔ በራ» የመሳሰለው አነጋገር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም እንደ ሕመም ምልክት ይመዘገባል። አጭር ጻፉ፤ ማን ምን እንዳደረገ ግልጽ ይሁን። የወጣውን ትርጉም ቀድታችሁ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት፤ የላካችሁት ቃል ራሱን ሆኖ ካልተመለሰ ሌላ አባባል ፈልጉ።

ስምንተኛ፦ ሲበላሽ

ይበላሻል። ፊቱ ሲቀየር ካያችሁ የያዛችሁትን አስቀምጡ፣ ሁለት እርምጃ ተመለሱ፣ መጨረሻ ወደተግባባችሁበት ነገር ሂዱ። ስሙን ጥሩት። ምግብ ወይም ቡና ብታቀርቡና ባይነካ አትቀየሙ፤ የእናንተን ረቡዕና ዓርብ እሱ እንደማያውቅ ሁሉ የእሱን ክልክል እናንተ አታውቁም። ጉርሻም ይቅርባችሁ፤ እጅን ሳያውቁት አፍ ውስጥ የሚያስገባን ሰው ማንም ቢሆን ይፈራዋል።

ዘጠነኛ፦ ሳትለያዩ ቀጠሮ

የመገናኘት ትልቁ ማረጋገጫ ዳግመኛ መገናኘት ስለሆነ ቀጠሮውን በጥንቃቄ ያዙ። እናቴ ለዚህ ገመድ ነበራት። ለሳምንቱ ገበያ የምትፈልገውን ደንበኛ፣ ሰሊጥ እንዲያመጣላት፣ ሰባት ቋጠሮ ያለው ክር ትሰጠዋለች፤ በየቀኑ አንድ ይፈታል፤ ሲያልቅ ይመጣል። የመጀመሪያው ሰው ግን አንድ ቀን ቀደመና ገበያ በሌለበት ዕለት ሰሊጡን ተሸክሞ ቤታችን ድረስ መጣ። ክሩን አየች፤ ቋጠሮ አልቀረም። እሱ ክሩን በተቀበለበት ቀን ማታ የመጀመሪያውን ፈትቶ ኖሯል፤ እሷ ግን ከማግሥቱ ነበር የቆጠረችው።

ያን ሌሊት ቤታችን አደረ። በማግሥቱ ገበያ ሲበተን ስምንት ቋጠሮ ያለው ክር አዘጋጀችለትና ወደ ፀሐይዋ እያመለከተች የመጀመሪያውን ቋጠሮ ራሷ እፊቱ ፈታችው፤ ከዚያ ክሩን ሰጠችው።